“ማሳጅ አንከፍልም”፦ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ስለሚያብጥ እጅ

ከኢገን፣ ሚኒሶታ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” እያልን አድገናል። ይህን እየተረተ በሽታውን እንደኛ የሚደብቅ ሕዝብ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ፖለቲካ ሲሆን በስልክም በስብሰባም እስኪነጋ እንከራከራለን፤ ካንሰር የሚለውን ቃል ግን “ያ ክፉ በሽታ” ብለን እናልፈዋለን። በዚህ የተነሳ ታክመው የዳኑ እህቶቻችን እንኳ አንዷ የሌላዋን ሳታውቅ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሳሉ።

ውድ አንባቢያን፥ እንደኔው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ እስረኞች ማንበብ የለመዳችሁ መሆናችሁን አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እጅ ነው፤ በጡት ካንሰር የታከመች ሴት ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ስለሚያብጥባት እጅ። ፈረንጆቹ ሊምፌዲማ ይሉታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቴ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። እንዲያውም “የራስህን ጥፋት ካልጻፍክበት አታውጣው” ብላኛለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሀገር ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ዶክተርነቴም የዚያው ነው። እዚህ ሰው “ዶክተር” ብሎ ሲጠራኝ ሰምተው ስለ ደም ግፊታቸው የሚያማክሩኝ ስላሉ ይህን አስቀድሜ መናገር ግዴታዬ ነው። ይህ ጽሑፍ ሐኪም አይተካም፤ ሐኪም ዘንድ ሲገባ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ግን ያሳያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ የግራ ጡቷን ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ከብብቷም ዕጢዎች ወጡ፤ በኋላም ጨረር ተሰጣት። ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ነርሷ አስተርጓሚ ልጥራላችሁ ብላ ጠየቀች። “እኔ እያለሁ?” አልኩ። ዕድሜውን በሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ለገዛ ሚስቱ አስተርጓሚ ሊመጣለት! ነርሷ አሥር ደቂቃ ያህል ስለ እጇ ተናገረች። ከበደኝ ካለች፣ ቀለበት ከጠበባት፣ ቁስል ከወጣባት፣ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ምን ማድረግ እንዳለባት ዘረዘረች። እኔ ግን ባለቤቴ በዚያ ሰሞን የሰማችው ክፉ ወሬ ይበቃታል ብዬ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ቋጨሁት፦ “እጅሽን ጠብቂው ነው የምትለው።”

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ለፋሲካ ስትለባበስ የሐበሻ ቀሚሷ የግራ እጅጌ አልገባ አላት። አምባሯም እንደዚያው። “ወፍሬ ነው መሰለኝ” አለች። እኔም “ሁለት ወር ጾሞ የወፈረ ሰው አንቺን አየሁ” ብዬ ቀለድኩ። አንድ እጅ ብቻውን እንደማይወፍር ልብ ያለው ሰው በቤታችን አልነበረም። ከዚያ እንደ ባህላችን ወደ ወጌሻ ተሄደ። በወለምታ የሚታወቁ አንዲት እናት አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። ቅቤ አሙቀው፣ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከሩ፣ በሁለት አውራ ጣታቸው ከእጅ አንጓዋ ወደ ትከሻዋ እየተጫኑ ሦስት ቀን አሿት። በአራተኛው ቀን እጇ ቀላ፣ ጋለ፤ ማታ ብርድ ብርድ አላት፤ ትኩሳቷ ወጣ። ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል አደርን። በጀርም የተነሳ የቆዳ መመረዝ ነበር፤ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት ዳነች። እሽቱ አመጣው አልልም፤ ሐኪሞቹም እንደዚያ አላሉም። ያበጠ እጅ ግን እንዲህ ላለው መመረዝ የተጋለጠ ነው፤ ጀርም ለመግባት ትንሽ ስንጥቅ ይበቃዋል። ያንን እጅ በኃይል መጫን ደግሞ ለጉልበት ወለምታ እንደሚደረገው ያለ ነገር አይደለም።

ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ጥቂት ልዘግይ። ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ከውሃው ከፊሉ ወደ ሥጋችን ይወጣል። ይህ ውሃ ከነፕሮቲኑ ተሰብስቦ ወደ ደም መመለስ አለበት፤ በቀን በሊትር የሚቆጠር ነው። የሚመልሱት የሊምፍ ሥሮች ናቸው። እንደ ልብ ያለ አንድ ትልቅ ፓምፕ የላቸውም። በራሳቸው መኮማተር፣ በጡንቻ እንቅስቃሴና በአተነፋፈሳችን እየተገፉ ነው የሚሠሩት። በመንገዳቸው ላይ ማጣሪያ ጣቢያዎች አሉ፤ እኛ ሲያብጡ “ንፍፊት” የምንላቸው ዕጢዎች። የእጅና የጡት ሊምፍ በአብዛኛው የሚያልፈው በብብት ዕጢዎች ነው። የጡት ካንሰርም ሲሠራጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያው ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢዎቹን ያወጣል፣ ወይም ጨረር ይመታቸዋል። ካንሰሩን ለማዳን የተደረገው ነገር የእጇን የውሃ መውረጃ ይዘጋል ማለት ነው።

በመንታዎቹ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ነሐሴ 1 ቀን 2007 የ35ደብልዩ ድልድይ ከነመኪኖቹ ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ወድቆ 13 ሰዎች ሲሞቱ፣ በማግሥቱ ያ ሁሉ መኪና የት ገባ? በየጎን መንገዱ ተበተነ። ትራፊክ ፖሊስ የሚያደርገው የቆሙትን መኪኖች ከኋላ መግፋት አይደለም፤ ከፊት ያለውን መውጫ ማስለቀቅ ነው። ከኋላ ብትገፋ መኪና በመኪና ላይ ይወጣል እንጂ መንገድ አይከፈትም። እትዬ በአውራ ጣታቸው ሲያደርጉ የነበሩት ከኋላ መግፋቱን ነው። ልዩነቱ ድልድዩ በዓመቱ ታድሶ በ2008 መከፈቱ ነው። የወጡ የብብት ዕጢዎች ግን ተመልሰው አይበቅሉም። ከሌላ የሰውነት ክፍል ዕጢ ወስዶ መትከልን ወይም የሊምፍ ሥርን ከደም ሥር ጋር መቀጠልን የመሰሉ ረቂቅ ቀዶ ሕክምናዎች አሉ፤ ለሁሉም አይሆኑም፤ ከነሱም በኋላ ብዙዎች ፋሻና እጅጌ አይለያቸውም።

ከአንቲባዮቲኩ በኋላ ወደ ሊምፌዲማ ቴራፒስት ተላክን። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ያበጠውን እጅ አልነካችውም። ከአንገቷ ጀመረች፤ ከአንገት አጥንቷ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቶቿ ሆድ በቀስታ ቆዳውን ብቻ እየሳበች መልቀቅ። ከዚያ ወደ ደህናው ብብት፣ ከዚያ ወደ ሆድ። ዘይትም ቅባትም የለም። ባለቤቴ በአማርኛ “እየነካችኝ ነው ወይስ እየባረከችኝ?” አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ክንዷ የመጣችው፤ ያውም መጀመሪያ ከትከሻው አጠገብ ያለውን፣ ቀጥሎ ክርኑን፣ በመጨረሻ እጇን። መጀመሪያ መውጫውን ማስለቀቅ፣ ከዚያ ከፊት ያለውን፣ በመጨረሻ ከኋላ ያለውን። የሊምፍ ቀጫጭን ሥሮች ከቆዳው ሥር ናቸው። የሚከፈቱት ቆዳው ቀስ ብሎ ሲሳብ ነው፤ በኃይል ሲጫኗቸው ይደፈጠጣሉ።

ይህን አስተሻሸት ያስፋፋው ኤሚል ቮደር የሚባል ዴንማርካዊ ነው። ከባለቤቱ ከኤስትሪድ ጋር በደቡብ ፈረንሳይ ሲሠራ ጉንፋን የማይለቃቸው እንግሊዛውያን ይመጡለት ነበር። የአንገታቸው ዕጢዎች ማበጣቸውን አይቶ በዚያ ዘመን ሐኪሞች አትንኩት የሚሉትን ቦታ በቀስታ ማሸት ጀመረ። ዘዴውን በፓሪስ ያቀረበው በ1936 ነው፤ አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ በወደቀችበት ዓመት። ቮደር የሕክምና ዶክተር አልነበረም። ስለዚህ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ቁም ነገር ብለው አልያዙትም። ቁም ነገር ያደረገው ሚካኤል ፈልዲ ነው። ይህ ሰው በሀንጋሪ የሕክምና ፕሮፌሰር ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር የነበረች ሀገሩን ትቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሰደደ። ከባለቤቱ ጋር በሂንተርዛርተን ክሊኒክ አቋቁመው ማሸቱን ከፋሻ፣ ከቆዳ እንክብካቤና ከእንቅስቃሴ ጋር አንድ ላይ አዋቀሩት። ስደተኛ ምሁር ታክሲ ከመንዳት ሌላ የሚሠራው ነገር አለ ለማለት የምጠቅሰው ምሳሌ ሲያጥረኝ ፈልዲን እጠራለሁ። (ታክሲ የነዳሁ መሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ፤ አላፍርበትም።)

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳልዘራ እፈራለሁ። ማሸቱ ብቻውን አያድንም። ውሃው ከወጣ በኋላ ቦታውን የሚይዝ ነገር ከሌለ ማታውኑ ተመልሶ ይሞላል። ዋናው ሠራተኛ ፋሻው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እሽቱ እንዳለቀ ክንዱ ከጣት እስከ ብብት በበርካታ ንብርብር ይጠቀለላል። ፋሻው እንደ ስፖርተኛ ፋሻ የሚለጠጥ አይደለም፤ በጥቂቱ ብቻ የሚለጠጥ ነው። ጡንቻው ሲሠራ ግድግዳ እንዳገኘ ሁሉ ውሃውን ይገፋል። የፊዚክስ ሰው ነኝና ላፕላስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ፋሻውን በእኩል ጉልበት ከሳብከው ግፊቱ የሚበዛው ቀጭኑ ቦታ ላይ ነው። የእጅ አንጓ ከትከሻ በታች ካለው ክንድ ስለሚቀጥን ግፊቱ ከታች በርትቶ ወደ ላይ እየቀለለ ይሄዳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ይህን ለባለቤቴ በወረቀት ስዬ ሳስረዳ “ፋሻውን በትክክል ጠቅልለው፣ ስሌቱን ተወው” አለችኝ።

እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ በልክ የተሠራ አጥብቆ የሚይዝ እጅጌ ይታዘዛል፤ ቀን ቀን ይለበሳል። ላስቲኩ ስለሚለቅ በየስድስት ወሩ ገደማ መቀየር አለበት። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ እስከዚያ የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ አይቶ ያለው ይህንኑ ነው። ቀስተኛው እሽት ጉዳት የለውም፤ በፋሻው ላይ ሲጨመር እብጠቱን ጥቂት ተጨማሪ ሊቀንስ ይችላል፤ በተለይ እብጠቱ ገና መለስተኛ ለሆነባቸው። ስለዚህ ቶሎ መጀመር ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያው ደረጃ እጇ በጣት ሲጫኑት ይሰረጎዳል፤ ከፍ አድርጋ ብታሳርፈው ይቀንሳል። ከዓመታት በኋላ ግን ውስጡ ጠባሳና ስብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በእሽት አይወጣም።

አንዳንዴም ጨርሶ መታሸት የለበትም። እጁ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ደም ሥር ውስጥ ደም ከረጋ፣ ያልታከመ የልብ ድካም ካለ ቴራፒስቷም አትነካውም። ደህና የነበረ እጅ ድንገት ካበጠ ደግሞ ሐኪም ካንሰሩ አለመመለሱን፣ ደምም አለመርጋቱን ሳያይ ማንም መጀመር የለበትም።

ወደ ሌላው ፍርሃታችን ልለፍ። ለብዙ ዓመታት ሴቶች ከጡት ካንሰር በኋላ በዚያ እጅ ከባድ ነገር አታንሱ ሲባሉ ኖረዋል። ልጅ መሸከም፣ ሊጥ ማቡካት፣ ድስት ማውረድ፣ ሁሉም ክልክል። ይህን ምክር በጥናት ከፈተኑት አንዷ ካትሪን ሽሚትዝ ናት፤ ጥናቱም የተጀመረው እዚሁ አጠገባችን፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በመንታዎቹ ከተሞች የሚኖሩ ከካንሰር የዳኑ ሴቶች ክብደት እንዲያነሱ ተደርጎ እጃቸው አልባሰም፤ ውጤቱ በ2006 ታተመ። እሷው በፔንሲልቬንያ በ2009 ያሳተመችው ትልቁ ጥናት 141 እጃቸው ያበጠ ሴቶችን ይዞ ነበር። እጅጌያቸውን ለብሰው፣ በአሠልጣኝ እየተመሩ፣ ከትንሽ ክብደት ጀምረው ቀስ በቀስ ያነሱት እብጠታቸው አልጨመረም፤ የመባባስ ጊዜያቸውም ካላነሱት ያነሰ ሆነ። እጅን ማሰር ሳይሆን ማሠራት ነው መድኃኒቱ። ቀስ በቀስ የሚለውን ግን አደራ፤ ለማኅበር ስልሳ እንጀራ በአንድ ሌሊት መጋገር ቀስ በቀስ አይባልም።

የደም ግፊትና የመርፌ ነገርም እንዲሁ ነው። በማሳቹሴትስ 632 ሴቶችን ተከታትሎ በ2016 የወጣ ጥናት በዚያ እጅ ደም መቀዳት፣ የደም ግፊት መለካትና በአውሮፕላን መጓዝ ከእብጠት ጋር ግንኙነት አላገኘባቸውም። ግንኙነት ያገኘው ከሌሎች ነገሮች ጋር ነው፤ የብብት ዕጢዎች በሙሉ ከመውጣታቸው፣ ከቆዳ መመረዝና ከውፍረት ጋር። ሌላ እጅ ካለ በሌላው ይሁን ቢባል ክፋት የለውም። ግን ለእናቷ ለቅሶ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ፈርታ የቀረች እህት አውቃለሁ፤ ያቀረቻት ያረጀ ምክር ነው። የሚያሳስበው ነገር ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የምጣድ ቃጠሎ፣ የቢላ ቁራጭ፣ የተነቀለ የጥፍር ሥር። ቆዳን በየቀኑ ማጠብና ማለስለስ፣ ቁስልን ወዲያው መጠበቅ፣ አትክልት ሲኮተኩቱ ጓንት ማድረግ ከሁሉም የረከሱ መከላከያዎች ናቸው።

ይህ ነገር ምን ያህል ሴቶችን ይነካል? በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ በጡት ካንሰር ከታከሙ አምስት ሴቶች አንዷ ገደማ እጇ እንደሚያብጥ አሳየ። የብብት ዕጢዎቻቸው በሙሉ ከወጡት መካከል በመቶ 20 ያህሉ ሲሆኑ፣ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስባቸው ጥቂት ዕጢዎች ብቻ ወጥተው ከተመረመሩት ግን በመቶ 6 ገደማ ናቸው። ቶሎ የተገኘ ካንሰር በጥቂቱ ይቆረጣል፤ ዘግይቶ የተገኘ ብዙ ያስቆርጣል። የመደበቃችን ዋጋ እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

ሀገር ቤት ሲሆን ዋጋው ይበልጥ ይመራል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው፤ አብዛኞቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማና ሌሎች ከተሞች የተጨመሩት በኋላ ነው። ቤተ መንግሥትና መናፈሻ ሲታደስ ቢሊዮን የሚቆጥር መንግሥት፣ በ2025 ሐኪሞችና ነርሶች ደመወዛችን ልጆቻችንን አላበላንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ መልሱ ብዙዎቹን ማሰር ነበር። በዚህ ውስጥ ስለ እጅ እብጠት ማን ያስባል የሚል አይጠፋም።

የሚያስቡ ግን ነበሩ፤ ያውም ጎጃም ውስጥ። የእጅ ሳይሆን የእግር እብጠት ነው፤ ያው ሊምፌዲማ። በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ የሚይዘውን፣ እኛ “ዝሆኔ” ብለን የምንሸሸውን በሽታ በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን አጥንቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በትንኝ የሚመጣው ሌላ ነው። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለ የተባለው የሀገራችን ልጅና ባልደረቦቹ አንዳንዱን ሰው ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ምልክት አግኝተው በዓለም ከታወቁት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ አወጡ። ከዚያም በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው አንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው፤ ውጤቱ በ2018 ታተመ። የተሰጣቸው ምን ነበር? እግርን በሳሙና ማጠብ፣ መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ፣ እንቅስቃሴ። ትኩሳት እያመጣ ከአልጋ የሚያውለው የበሽታው መነሣሣት በግልጽ ቀነሰ። በመሠረቱ የፈልዲ ክሊኒክ ሥራ ነው፤ ከእሽቱ በቀር። በገንዘብ ሲሰላ ለአንድ ሰው የሚጠይቀው እዚህ ለአንድ እጅጌ ከምንከፍለው አይበልጥም። ከ2023 ወዲህ ያ አካባቢ የጦርነት ቀጠና ሆኗል፤ ጫማና ፋሻ ቀርቶ አምቡላንስም በሰላም አያልፍም።

ባለቤቴን ስታሽ የነበረችው ቴራፒስት ስለ ጎጃሙ ሥራ ስነግራት ማስታወሻ ያዘች። እኔ ግን ያን ሰሞን ሐሳቤ ሌላ ነበር። ከኢንሹራንስ ኩባንያችን ደብዳቤ መጥቶ ነበር፦ ማሳጅ አንከፍልም፤ ማሳጅ የምቾት እንጂ የሕክምና አገልግሎት አይደለም። ሰውየው በስልክም ያንኑ ደገመልኝ። እኔም እንደ አበሻ ተናድጄ ዘጋሁበት። ቴራፒስቷ ሳቀች። “ማሳጅ የሚለውን ቃል ማን ተጠቀመ?” አለችኝ። እኔው ነበርኩ፤ ቅጹ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ሥራው በሂሳብ ወረቀት ላይ የሚጻፈው “ማንዋል ቴራፒ” በሚለው፣ በቁጥር 97140 ነው። የምትሠራውም ሊምፌዲማን ለማከም የሠለጠነች ባለሙያ እንጂ የውበት ሳሎን ሠራተኛ አይደለችም። የሰሜን አሜሪካ የሊምፍ ባለሙያዎች ማኅበር ለፈተና ለማስቀመጥ ቢያንስ 135 ሰዓት የዚህን ብቻ ሥልጠና ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ዋጋ አይደለም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሕግ አለ። በጥቅምት 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የሴቶች ጤናና የካንሰር መብት ሕግ፣ ጡት ለማውጣት ቀዶ ሕክምና የሚከፍል ኢንሹራንስ ከዚያ የተነሳ ለሚመጣው ችግር ሁሉ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ሊምፌዲማን በስሙ ጠርቶ። ይህን የሕጉን ቦታ ጠቅሼ፣ የሐኪሟን ደብዳቤና ቁጥሩን አያይዤ ይግባኝ ጻፍኩ። በአምስት ሳምንት ተከፈለ። በሀገሬ ሕግ ጠቅሼ ያሸነፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አስቀምጬዋለሁ።

ያ ሕግ ሜዲኬርን አይመለከትም ነበር። ዕድሜያቸው 65 የሞላ እናቶቻችን እጅጌውን ከኪሳቸው ሲገዙ ኖረዋል፤ ሲያልቅ የሚተዉትም ነበሩ። ይህን ያስለወጠችው ከሰሜን ካሮላይና የተነሳች ሄዘር ፈርጉሰን የምትባል እናት ናት። ልጇ ሊምፌዲማ ይዞት ተወለደ፤ ኢንሹራንስ ማልበሻውን አልከፍልም አላት። ረቂቁ በ2010 ወደ ኮንግረስ ገባ፣ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ኮንግረስ ገባ፣ ወደቀ። ከየክፍለ ሀገሩ ሕሙማን ለየተወካዮቻቸው እየጻፉ፣ ዋሽንግተን እየተመላለሱ አሥራ ሁለት ዓመት ገፉበት። በታኅሣሥ 2022 ከበጀቱ ሕግ ጋር አለፈ። ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሜዲኬር በሐኪም ለታዘዘ በየስድስት ወሩ እስከ ሦስት የቀን ማልበሻ፣ በየሁለት ዓመቱ ሁለት የሌሊት ማልበሻ፣ ፋሻውንም ይሸፍናል። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጉዳይ! እኛ በዚያው ጊዜ ስንት ድርጅት መሥርተን ስንት ጊዜ እንደተሰነጠቅን አንባቢ ይቁጠረው። በሰልፍ ላይ ከምናያቸው እናቶች ስንቶቹ ይህን መብት ይዘው እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው እንደሚቆሙ ሳስብ ያመኛል።

እጇ አልጠፋም፤ አይጠፋምም። ከደህናው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ በወር አንድ ጊዜ በአምስት ቦታ በሜትር ለክተን በደብተር እንጽፋለን። የማታው ፋሻ የእኔ ሥራ ነው፤ የጠዋቱን እሽት ራሷ ተምራለች፤ ከአንገቷ ጀምራ፣ ሩብ ሰዓት። እትዬም ቤታችን መጥተው አይተዋል። ጣታቸውን በጣቷ ላይ አድርጋ ስታሳያቸው “ይሄማ ሕፃን ማስተኛት ነው እንጂ ማሸት ነው?” አሉ፤ ቢሆንም ጡት የታከመች ሴት ስትመጣባቸው ሐኪም ሳታይ አልነካሽም ይላሉ አሁን።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። ባለፈው ቀጠሮዋ ባለቤቴ ወረቀቱ ላይ “አማርኛ፤ አዎ” የሚለውን ራሷ ሞላች። አስተርጓሚዋ በስልክ የመጣች ልጅ ናት፤ ድምጿ የልጃችን እኩያ። ያቺው ዓይነት ነርስ፣ ያንኑ ስለ እጅ የሚባለውን ተናገረች፤ ልጅቱ ቃል ሳታስቀር ገለበጠችው። ባለቤቴም ስድስት ጥያቄ ጠየቀች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።